የመስቀል ወፍ እስከ ገና

ልብስ ሰፊው አባይነህ ሰውን የሚያውቀው በፊቱ ሳይሆን በልብሱ ነው። ጎፋ ሰፈር ባለችው ሱቁ በር ላይ፣ ከማሽኑ ኋላ ተቀምጦ መንገደኛውን ሁሉ ሲያይ ይውላል። የማንንም ስም ብትጠይቁት አይነግራችሁም፤ «ያቺ ጉርዷ ወደ ግራ የሚዞርባት» ወይም «ያ እጅጌው ያጠረበት» ካላችሁት ግን ሰፈራቸውን ሳይቀር ይነግራችኋል። የቤተ ክርስቲያናቸውን መዘምራን ጋውን የሰፋው እሱ ነው። መዘምራኑ ጋውናቸውን አውልቀው ከአዳራሹ ሲወጡ ግን ግማሾቹን ሰላም ሳይላቸው ያልፋል። ሚስቱ ገበያነሽ በዚህ ስንት ጊዜ አፍራለች! «አንድ ቀን እኔም ቀሚስ ስቀይር ‹ማን ልበል?› ትለኛለህ» እያለች ትነዘንዘዋለች፤ እሱ ይስቃል። መቼም ሰው ያለ እንከን አይፈጠርም። የአባይነህ እንከን የአንድያ ልጁን ትዳር ሊያፈርስ ባይደርስ ኖሮ እኛም አናወራውም ነበር።

ልጁ ራኬብ ሕፃናትን ሳይንስ የምታስተምር፣ በቁመትም በግትርነትም አባቷን የወጣች ልጅ ናት። የወደደችው ኢሉ የሚባል የላፍቶ ልጅ ነው። ኢሉ ጂፕሰም ሠሪ ነው፤ ከአባይነህ ሱቅ ፊት ለፊት በሚሠራው ፎቅ ላይ ግድግዳና ኮርኒስ ሲያለሰልስ ይውላል። ጠዋት ጠዋት በአቧራ የነጣ ቱታውን ለብሶ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ አፍና አፍንጫውን በሻርፕ ጠቅልሎ በሱቁ በር ሲያልፍ እጁን አንስቶ ሰላም ይላል። አባይነህም ከማሽኑ ቀና ብሎ «ዱቄት! እንዴት አደርክ?» ይለዋል። ልጁን ይወደዋል። «ሥራ አይንቅ፣ ከሥራ አይቀር፣ እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት የታደለች ናት» ብሎ ለገበያነሽ ያልነገረበት ሳምንት የለም።

ይኸው ኢሉ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ታጥቦ፣ ጸጉሩን ተስተካክሎ፣ አንዲት ሱሪ ሊያሰፋ ወይም የኮቱን ትከሻ ሊያስተካክል ወደ ሱቁ ይገባል። ለአባይነህ ያን ጊዜ ሌላ ሰው ነው። «ደግሞ መጣህ? ዓመቱን ሙሉ የት ትጠፋለህ?» ይለዋል። ኢሉ አፋር ነው፤ ዓይኑም ራኬብን ስለሚፈልግ መልሱ ይጠፋዋል። እንግዲህ እኔና እናንተ ዱቄትና ኢሉ አንድ ሰው መሆናቸውን አወቅን። አባይነህ ግን አላወቀም።

ከመስቀል በኋላ በዋለው ቅዳሜ ሽማግሌዎች መጡ። መሪያቸው የኢሉ አጎት ኦቦ ሁንዴሳ ናቸው። ላፍቶ ተወልደው ላፍቶ ያረጁ፣ ከተማው ዙሪያቸውን ቢከብባቸውም ወንዙ ዳር የቀረቻቸውን ቁራጭ መሬት ዛሬም ጤፍ የሚዘሩባት ገበሬ ናቸው። ከእሳቸው ጋር አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌና አንድ ጎረቤት ነበሩ። «ተቀመጡ» ሲባሉ እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ጉዳያቸው ተሰማ። በእምነቱም በምግባሩም እንከን ያልተገኘበት ልጃችን ኢሉ ልጅዎን ራኬብን ይፈልጋል፣ ልጅ እንዲሆናችሁ ነው የመጣነው፣ አሉ።

«አውቀዋለሁ» አለ አባይነህ። «ያ መስከረም ላይ ብቅ የሚለው ዘናጭ አይደል? ሌላውን ጊዜ የት ነው የሚኖረው?»

«እዚሁ ነው እንጂ የት ይሄዳል!» አሉ ኦቦ ሁንዴሳ። «ሥራው ራሱ ከሱቅዎ ፊት ለፊት ነው።»

አባይነህ ፊቱ ተለዋወጠ። እሱ በዚያ በር ላይ ተቀምጦ ያረጀ ሰው ነው። ፊት ለፊት የሚሠራውን ሰው ላያውቅ ነው? ሽማግሌ ሆኖ መጥቶ፣ በእግዚአብሔር ስም ጀምሮ፣ በሰው ቤት መዋሸት! «ኦቦ ሁንዴሳ፣ ዓይኔ ላይ አይዋሹኝ። ልጁ ሩቅ አገር እየዋለ በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። እኔ ደግሞ ልጄን ለመስቀል ወፍ አልድርም። በቃ፣ ወፍ የለም!»

ወፍ የለም ያለው እንደ ከተማው ልጆች፣ «አይሞከርም» ለማለት ነበር። ኦቦ ሁንዴሳ ግን ወፍ ማለት ወፍ የሚመስላቸው ሰው ናቸው።

«አለ እንጂ!» አሉ። «የመስቀል ወፍማ የትም አይሄድም። ዓመቱን ሙሉ እኔ ማሳ ላይ አይደል የሚውለው!»

ጎረቤትየው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ገበያነሽ እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አባይነህ ተናደደ፤ ሲናደድ ደግሞ አፉ ከልቡ ይቀድማል። «የመስቀል ወፍ የማይሄድ ከሆነ፣ በገና አሳዩኝ! የመስቀል ወፍ በገና ካሳያችሁኝ ያን ዕለት ልጄን እሰጣለሁ! ካላሳያችሁኝ ግን ይህን በር ሁለተኛ አታንኳኩ!»

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ «ሁላችንም ሰምተናል» አሉ ቀስ ብለው። ከአፍ የወጣ ቃል ከእጅ የወደቀ እንቁላል ነው፤ አባይነህም የገዛ እንቁላሉን ወለሉ ላይ እያየ ቆመ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የዚያ ዓመት ጉድ ግን መስከረም ከጠባ በኋላ ነው የተሰማው።

ሽማግሌዎቹ እንደወጡ ራኬብ ከጓዳ ወጣች። አላለቀሰችም። «አባዬ፣ ኢሉን በየቀኑ ታየዋለህ እኮ» አለችው።

«የት ነው የማየው?»

«አልነግርህም። ሽማግሌ ነግሮህ ውሸት ነው ካልክ የኔ መንገር ምን ይረባሃል? ራስህ እየው።»

በግትርነት አባቷን የወጣች ያልኩት ለዚህ ነው።

ሰኞ ዕለት ኦቦ ሁንዴሳ አንዲት የሽቦ ቤት ይዘው ከታክሲ ወረዱ። ረዳቱ «አባባ፣ ይቺም ወንበር ይዛ ነው የመጣችው፣ ሒሳቧን ይክፈሉ» እያለ ሲያስቅባቸው ነበር። በሽቦ ቤቷ ውስጥ ማለዳ ወንፊት ደግነው የያዙት የመስቀል ወፍ አለ። ጥቁሩ ከፋይ፣ ቢጫው ሐር ነው፤ አባይነህ እንዲህ ያለ አቆራረጥ በሰው እጅ ሲሠራ አይቶ አያውቅም። ጥቁሩ ሆዷ ላይ ሄዶ፣ ቢጫው ከግንባሯ ተነሥቶ ጀርባዋ ላይ ሲያበቃ አንዲት ክር አልተዛነፈችም።

«እርስዎ ጋ ትቀመጥ» አሉ ኦቦ ሁንዴሳ የሽቦ ቤቷን የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ እያስቀመጡ። «እኔ ቤት ከርማ በገና ይዣት ብመጣ ‹ድንቢጥ ነው ያመጣችሁልኝ› ይሉኛል። ራስዎ ይጠብቋት፣ ራስዎ ያብሏት። የሚሆነውን በዓይንዎ ያያሉ።»

«ምንም አይሆንም። በሩን ዘግቼ ሳኖራት በናፍቆት ትሞት ይሆናል እንጂ» አለ አባይነህ።

ራኬብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወፏን አይታ ሳቀች። «እሷ አትበላት፣ እሱ ነው። እንዲህ የሚዘንጠው ወንዱ ነው፤ ሴቷ ዓመቱን ሙሉ ቡናማ ናት።»

«ወንዱ? ለምን?»

«ሚስት ሊፈልግ ነዋ! ክረምቱ ሲያበቃ ሣሩ ሲረዝም ይለብሰዋል፤ ጎጆ ይሠራል፣ ይታያል፣ ይመረጣል።»

«ከተመረጠስ በኋላ?»

«ከዚያማ የሥራ ልብሱን ይለብሳል፣ አባዬ። ቱታውን።» ይህን ስትል በመስኮቱ በኩል ፊት ለፊት ወዳለው ፎቅ ዓይኗን ወረወረች። አባይነህ ዓይኗን አልተከተለም፤ ወፏን እያየ ነበር። «እሱ» ማለትም አልሆነለትም፣ እስከ መጨረሻው «እሷ» እንዳላት ቀረ።

ጥቅምት በሰላም አለፈ። ወፏ የማሽኑን ድምፅ ለመደች። እሱ ፔዳሉን ሲረግጥ እሷም ትንጫጫለች፣ ሲያቆም ታቆማለች። ደንበኞች ልብስ ሊለኩ ገብተው ወፏን ሲያዩ ይቆማሉ። አባይነህ ጤፍ ከመዳፉ ያበላት ጀመር። ለምሳ ቤት ሲሄድ ከላይ ሻርፕ ጣል ያደርግባታል፤ ብርድ እንዳይመታት ነው ይላል። ለጠላት ወገን ምስክር የመጣች ወፍ መሆኗን አንዳንዴ ይረሳው ነበር።

ኅዳር ሲገባ አንድ ጠዋት የሽቦ ቤቷ ወለል ላይ ሁለት ጥቁር ላባ አገኘ። በማግስቱ ሌላ ተጨመረ። ከዚያ ቢጫው ይረግፍ ጀመር። የወፏ አንገት ብል እንደበላው ጨርቅ ተቦጫጨቀ፤ አባይነህ አመማት ብሎ ደነገጠ። «ገበያነሽ፣ ይቺ ወፍ ልትሞትብኝ ነው፣ ጸልዪላት!» ብሎ እስከ መጮህ ደረሰ። ገበያነሽ በስንቱ ልጸልይ ብላ ተወችው። አልሞተችም። ከረገፈው ሥር ሌላ ይወጣ ነበር፤ መስመር መስመር ያለው ቡናማ፣ ደረቱ ላይ ገብስ የመሰለ። አባይነህ መነጽሩን እያደረገ በየቀኑ ያያታል። መቀስ የለ፣ መርፌ የለ፣ ልኬት የለ፤ ሰውነቷ ላይ እንዳለ አንዱ ልብስ እየተፈታ ሌላው ይሰፋል። ዕድሜውን በሙሉ የሠራው ሥራ የልጅ ጨዋታ መሰለው፣ ቀናም።

ያም ሆኖ እጅ አልሰጠም። «ይቺ በሽቦ ስለታሰረች ነው እንዲህ የሆነችው» አለ። «ውጭ ያሉት ሄደዋል።»

«እንግዲያው ሄደን እንያቸዋ» አለች ራኬብ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ኦቦ ሁንዴሳ ማሳ ወረዱ። ጤፉ ታጭዶ ቃርሚያው ብቻ ቀርቷል፤ ከበስተጀርባው ኮንዶሚኒየሞቹ ተደርድረው ልብስ አስጥተዋል። ቡናማ ወፎች በመንጋ እየተነሡ በመንጋ ያርፋሉ። ራኬብ ከትምህርት ቤቷ የተዋሰችውን የርቀት መነጽር ሰጠችው። መጀመሪያ የራሱን ጫማ አየ፣ ከዚያ የአንድ ሰው ካልሲ በረንዳ ላይ፣ ከዚያ ወፎቹን።

«ድንቢጦች ናቸው» አለ።

«ደረታቸውን እይ።»

አየ። አንዱ ቡናማ ወፍ ደረቱ ላይ እንደ እራፊ የምትሆን ጥቁር ላባ ገና አልረገፈችለትም። ሌላው ጀርባው ላይ አንዲት ቢጫ ቀርታዋለች፤ ከታጠበ በኋላ ያልለቀቀች ቀለም ትመስላለች። አባይነህ መነጽሩን አላወረደም። ሱቁ ያለችው የእሱ ወፍ በዚህ ማሳ ላይ በመቶ ተባዝታ ቃርሚያ ትለቅማለች። የትም አልሄዱም። ስንት መስከረም «መጡ» ሲላቸው፣ እነሱ ልብስ ቀይረው ኖሯል!

«መንገደኛዋንስ ላሳይህ?» አለች ራኬብ። «ያቺ ለብቻዋ መሬት ላይ የምትጫጭረው። ጉሮሮዋ ገርጣ ያለ ቢጫ ነው፣ ዓይኗን ቀጭን ቀለበት ዞሯታል። አየሃት?»

«ይቺማ በደንብ ድንቢጥ ናት።»

«እሷ ናት የምትሄደው። ፈረንጅ አገር ነው የተፈለፈለችው። እዚያ ብርድ ሳይገባ ትነሣለች፤ ብዙውን በሌሊት ነው የምትበረው፣ ኮከብ አይታ። ባሕሩን ታቋርጣለች፣ በረሃውን ታቋርጣለች፣ በእኛ መስከረም መጨረሻ እዚህ ትደርሳለች። መጋቢት ላይ ትመለሳለች። ክብደቷ ከክር ጥቅልልህ አይበልጥም። እዚያ አገሯ ትዘፍናለች አሉ፤ እዚህ ግን ዝም ብላ ትለቅማለች።»

«ስሟስ ማን ነው?»

«በአማርኛ ስም ያወጣላት የለም። ሁላችንም ድንቢጥ ብለን እናልፋታለን።»

ኦቦ ሁንዴሳ በትራቸውን ተደግፈው አጠገባቸው ደረሱ። «ማሳዬ በየዓመቱ ብትጠብም እሷ አልተቀየመችኝም» አሉ። «በቀረችው ላይ ታርፋለች።» ከዚያ ወደ አባይነህ ዞሩ። «እርስዎስ ከየት ነዎት? ጠይቄዎ አላውቅም።»

«ከጨንቻ ነኝ። ልጅ ሆኜ ነው የመጣሁት።»

«ይገርማል! እኔ እኮ የጎፋ ተወላጅ ይመስሉኝ ነበር» አሉ ኦቦ ሁንዴሳ በቅን ልቦና። አባይነህ ያቺን ስም የለሽ ወፍ እስክትነሣ ድረስ ቆሞ ሲያያት ቆየ።

አባይነህ ሐቀኛ ሰው ነው። የደንበኛ ጨርቅ አስቀርቶ አያውቅም፤ ለልብስ ሰፊ ይህ ትንሽ ምስክርነት አይደለም። ግን ገና ሲቃረብ፣ ሱቁ ውስጥ ብቻውን የነበረ ጊዜ፣ ሰይጣን ሹክ አለው። በሩን ክፈተው። ወፏ ትሂድ። በገና ባዶውን የሽቦ ቤት አሳይተህ «አላልኳችሁም?» በላቸው። ልጅህ ቤትህ ትቀመጣለች።

ከፈተው። «ሂጂ» አላት። «አገርሽ ግቢ።»

ወፏ አልሄደችም። በተከፈተው በር ላይ ቆማ ራሷን ወዲያ ወዲህ አደረገች። ከዚያ ማሽኑ ላይ አረፈች፣ ቀጥላ የሱቁ በር ጫፍ ላይ፣ በመጨረሻም ከመንገዱ ማዶ የፎቁ መወጣጫ እንጨት ላይ። እዚያ የሰፈሩ ድንቢጦች ተኮልኩለዋል፤ መሃላቸው ገባች። የፎቁ ዘበኛ ድመትም ከሥር ተኝታ ነበር፤ አሁን ተነሣች። አባይነህ ድመቷን ሲያይ ገናውም ሽማግሌውም ጠፋበት። «ኧረ ወፌን! ኧረ ድመቷን ያዙልኝ! ዱቄት! ዱቄት የለህም?» ብሎ ጮኸ።

ዱቄት ከሦስተኛው ፎቅ እየዘለለ ወረደ። ድመቷን በኮፍያው አባረራት፣ መወጣጫው ላይ ወጣ፣ እጁን ወደ ወፎቹ ሲዘረጋ ከበላዩ የተንጠለጠለ የጂፕሰም ከረጢት ተነካና በራሱ ላይ ፈሰሰ። ወፎቹ ሁሉ ብር አሉ። «ዓይኔን!» አለ ዱቄት።

አባይነህ እጁን ይዞ ወደ ሱቁ አስገባው። ልጁ ኮፍያውንና ሻርፑን ጥሎ፣ ቱታውን እስከ ወገቡ አውርዶ አጎነበሰ። አባይነህ ለካውያ ያኖረውን ውሃ በጆግ እየቀዳ አፈሰሰለት፣ እየደጋገመ አፈሰሰለት። ነጩ ሲወርድ ከሥሩ ሰው እየወጣ ነበር። አባይነህ መጀመሪያ ያወቀው ግን ፊቱን አይደለም። ትከሻውን ነው። ቀኙ ከግራው ዝቅ ይላል፤ መስከረም በመጣ ቁጥር ኮቱ ውስጥ ስፖንጅ እያደራረበ የሚያስተካክላት ትከሻ ናት። ጆጉ በእጁ እንዳለ ቀረ።

«ኢሉ?»

«አቤት፣ ጋሽ አባይነህ።»

«አንተ… ዱቄት ነህ?»

«እርስዎ ያወጡልኝ ስም ነው።»

«ታዲያ ለምንድን ነው ያልነገርከኝ?»

ኢሉ ዓይኑን እያሸ፣ በዕድሜው የመጀመሪያውን ደፋር መልስ መለሰ። «በየቀኑ ሰላም እልዎታለሁ እኮ። ከዚህ በላይ እንዴት አድርጌ ልንገርዎ?»

አባይነህ አፈረ። ካፈረ በኋላ ሳቁ መጣበት፤ ሁለቱም ውሃ በፈሰሰበት ወለል ላይ ቆመው እስኪደክማቸው ሳቁ። ኢሉ ወደ ሥራው ሲመለስ ግን አባይነህ ማሽኑ ላይ ተቀመጠና አንድ እጅጌ ገልብጦ ሰፋ። ፈትቶ እንደገና ገልብጦ ሰፋው።

ቤት ገብቶ ሁሉንም ለገበያነሽ ነገራት፤ በሩን ራሱ መክፈቱን ሳይደብቅ። እሷም ሳቀች፣ ደግሞም ተናደደች። «እና አሁን ምን ቀረህ?» አለችው።

«የኔ ቃል ስለ ወፏ ነው። ወፏ ደግሞ የለችም።»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ! አባይነህ፣ አንተ የፈራኸው ልጁ ይጠፋል ብለህ አይደለም። ልጅህ ትሄዳለች ብለህ ነው።»

እውነቷን ነበር። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ራኬብ ጠዋት ሥራ ከመሄዷ በፊት የቀኑን መርፌዎች ሁሉ ክር አስገብታ የመርፌ መሰኪያዋ ላይ ትሰካለታለች። እሱ ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፣ እሷም አታወራውም። እሷ ስትሄድ መርፌው ብቻ አይደለም የሚቸግረው፤ ቤቱ ምን እንደሚመስል ማሰብ አልፈለገም። ከሰው ሁሉ በላይ የሚወዳት እሷን ነው፣ እና ፈርቷል። ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

የገና ዕለት ሽማግሌዎቹ ከኢሉ ጋር መጡ። ኢሉ ሱፉን ለብሷል። ሰላምታውና ምርቃቱ ሲያበቃ አባይነህ የሽቦ ቤቷን አምጥቶ መሃል ላይ አስቀመጠ። ባዶ ናት።

«ወፍ የለም!» አለ ጎረቤትየው፣ ሳያስበው።

«በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለ አባይነህ። «ላሸንፋችሁ ብዬ ነው፤ ይቅር በሉኝ። እሷ ግን አልሄደችም።» ተነሥቶ የጓሮውን በር ከፈተው። የሽቦ ቤቷን ሱቅ ከመተው ብሎ ቤት ካመጣት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ጓሮ አውጥቶ በውስጧና በአጠገቧ ጤፍ ይበትን ነበር፣ ወፏም እየመጣች ትለቅም ነበር፤ ሱቁና ቤቱም ጀርባ ለጀርባ ናቸው። ያን ጊዜም አወጣት፣ በተነ። ድንቢጦች ከጣሪያው ወረዱ፤ ከመሃላቸው አንዲቱ በራሷ ጊዜ በሽቦ ቤቷ በር ገብታ የውስጡን ጤፍ ትለቅም ጀመር። «አያችኋት? የመስቀል ወፍ ናት!»

ኦቦ ሁንዴሳ አንገታቸውን አስግገው አዩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጨዋታም ያውቃሉ። «እኔንጃ» አሉ። «ድንቢጥ ትመስለኛለች።»

«ድንቢጥ?» አባይነህ ደሙ ፈላ። «ይቺ ናት ድንቢጥ? ላባዋ አንድ በአንድ ሲረግፍ ያየሁት እኔ! ከመዳፌ ያበላኋት እኔ! ኦቦ ሁንዴሳ፣ የመስቀል ወፍ እኮ የትም አይሄድም! ልብስ ነው የሚቀይረው! ይህን የማያውቅ ሰው አለ?»

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሳይቀሩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አባይነህ ምን እንዳሳቃቸው የገባው ቆይቶ ነው።

«እንግዲያው» አሉ ኦቦ ሁንዴሳ፣ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «የመስቀል ወፍ በገና አይተናል ማለት ነው?»

«አይተናል!»

«ማን አሳየን?»

«እኔ!»

«ታዲያ ምን ቀረ?»

አንዲት ቃል ቀረች። ሁሉም ተነሥተው ቆሙ። አባይነህ አፉን ከፈተ፤ ቃሏ ግን አልወጣችም። እንደገና ሞከረ። ራኬብ የጓዳው በር ላይ ቆማ እጆቿን አጥብቃ ይዛለች፤ ያ ግትር ፊቷ የሕፃን ፊት ሆኗል። አያት። ስትወለድ በጨርቅ ጠቅልለው ሲሰጡት እንዲሁ ነበር ያያት፣ አፉ ተከፍቶ።

«ሰጥቻለሁ» አለ።

እልልታው ቤቱን ሞላው። ገበያነሽ ኢሉን አቀፈችው፣ ጎረቤትየው የማንን እጅ እንደሚጨብጥ ጠፍቶት የራሱን ጨበጠ። አባይነህ ግን ወንበሩ ላይ ዘጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ፣ ሳያፍር።

«ምነው ጋሽ አባይነህ!» አለ ኢሉ ደንግጦ አጠገቡ ተንበርክኮ። «የተከራየነው ቤት እኮ ሀይሌ ጋርመንት ነው። አንድ ታክሲ ብቻ ነው።»

«ሩቅ ነው» አለ አባይነህ ከእጆቹ ውስጥ። «ጋርመንት ሩቅ ነው።»

ሁሉም ሳቁ። ራኬብ ብቻ አልሳቀችም፤ መጥታ አንገቱን አቅፋ፣ «አውቃለሁ አባዬ፣ ሩቅ ነው» አለችው።